የጃቫ ዌብ መተግበሪያ፦ ከመሣሪያ ምርጫ እስከ ዋር ፋይል

ድሬዳዋ ውስጥ ጃቫ የሚማሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «በምን ልጻፍ?» ብለው ነው። ከኮድ መጻፊያ አርታዒዎቹ ኤክሊፕስ ይሻል እንደሆነ፣ ኢንቴሊጄ ይሻል እንደሆነ፣ ኮዱን ከነላይብረሪዎቹ አሰናድተው ከሚያሽጉት መሣሪያዎች ደግሞ ማቨን ይቅደም ግሬድል ማወቅ ይፈልጋሉ። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከመጨረሻው የሚጀምር ነው። የዌብ መተግበሪያን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ኮዱን ኮምፓይል የሚያደርገው (ጃቫ ወደሚያስኬደው ፋይል የሚለውጠው) ጄዲኬ፣ ኮዱን የሚያስኬደው ሰርቨርና በሁለቱ መካከል የሚገቡት ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) በስሪት አለመግባባታቸው ነው፤ ኮዱ የተጻፈበት መስኮት በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ስለዚህ በዚህ መምሪያ መሣሪያ የምንመርጠው ከሰርቨሩ ተነሥተን ወደ ኋላ በመምጣት ሲሆን፣ አርታዒው ተራው የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ነው።

ምሳሌያችን ትንሽ የጭነት መዝገብ ይሁን። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ድሬዳዋ ሲደርስ ትራንዚተሩ የባለዕቃውን ስም፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የዕቃውን ዓይነትና ክብደቱን በኩንታል ይመዘግባል፤ ሐረር ያለው ባለሱቅ ደግሞ በስልኩ ብራውዘር ገጹን ከፍቶ ዕቃው መድረሱን ያያል። አንድ ቅጽ፣ አንድ ሰርቭሌት (ከብራውዘሩ የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ የጃቫ ኮድ) እና አንድ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ብቻ ያለው መተግበሪያ ነው፤ ይሁን እንጂ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች የሚደናቀፉባቸው እንቅፋቶች ሁሉ በእሱም ላይ ይታያሉ። ትእዛዞችን፣ የፎልደርና የፋይል ስሞችን እዚህ የጻፍኳቸው በአነባበባቸው ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰርቨሩ ላይ ያለው ጃቫ ስንተኛው ነው?

ማንኛውንም ነገር ከማውረድዎ በፊት መተግበሪያው በመጨረሻ የሚቀመጥበትን ማሽን ይወቁ። የድርጅቱ ቢሮ ውስጥ ያለ ዴስክቶፕ ሊሆን ይችላል፤ የተከራዩት ሰርቨርም ሊሆን ይችላል። ጃቫ አስቀድሞ ከተጫነበት በትእዛዝ መስኮቱ «ጃቫ -ቨርዥን» ብሎ ስሪቱን መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይህን አንድ ደቂቃ ቆጥቤ አንድ ሙሉ ቀን ያጠፋሁበት ጊዜ አለ። ሐረር ለሚገኝ አንድ መጋዘን የሠራሁትን መተግበሪያ በፍላሽ ይዤ የደንገጎን አቀበት ወጥቼ ስደርስ ሰርቨሩ ቶምካት ያለ ችግር ተነሣ፤ ገጹ ግን አልከፈት አለ። ሎጉን ሳነብ የክላስ ፋይሉ ስሪት 61.0 እንደሆነ፣ ማሽኑ ግን እስከ 55.0 ድረስ ያለውን ብቻ እንደሚያውቅ የሚገልጽ ረጅም መስመር አገኘሁ። እኔ ቤቴ ኮምፓይል ያደረግሁት በጃቫ 17 ነበር፤ የመጋዘኑ ማሽን የነበረው ደግሞ ጃቫ 11 ነበር። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ስለነበር የማንንም ፊት ቀና ብዬ ሳላይ ተመለስኩ።

ያ ቁጥር እንቆቅልሽ አይደለም። ኮምፓይለሩ በሚያወጣው በእያንዳንዱ የክላስ ፋይል መግቢያ ላይ የስሪት ቁጥር ይጽፋል፤ ከቁጥሩ ላይ 44 ሲቀነስ የጃቫው ስሪት ይገኛል። 52 ማለት ጃቫ 8፣ 55 ማለት ጃቫ 11፣ 61 ማለት ጃቫ 17፣ 65 ማለት ጃቫ 21 ነው። አዲሱ ጃቫ በአሮጌው ኮምፓይል የተደረገውን ያነባል፤ አሮጌው ግን አዲሱን አያነብም።

ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ረጅም ድጋፍ ከሚሰጣቸው ስሪቶች አንዱን ይያዙ። ጃቫ ከ2018 ወዲህ በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለዓመታት ጥገና የሚደረግላቸው በ2014 የወጣው 8፣ በ2018 የወጣው 11፣ በ2021 የወጣው 17፣ በ2023 የወጣው 21 እና በ2025 የወጣው 25 ናቸው። ከመካከላቸው ያሉት፣ ለምሳሌ 19 ወይም 22፣ ተተኪያቸው ሲወጣ ጥገናቸው ስለሚቆም ደንበኛ ማሽን ላይ የሚተው ነገር በእነርሱ መሥራት ተገቢ አይደለም። እኔ ዛሬ አዲስ ሥራ ብጀምር 21ን እመርጣለሁ፤ ላይብረሪዎቹ በሚገባ ለምደውታል።

ጄዲኬውን ከማን እንደሚወስዱ ብዙ አያስጨንቅዎት። የኤክሊፕስ አዶፕቲየም ቴሙሪን፣ የአማዞን ኮሬቶና የኦራክል የራሱ እትም የሚሠሩት ከአንድ የኦፕንጄዲኬ ኮድ ነው። የሚለያዩት በውልና በጥገና ዘመን ሲሆን፣ የኦራክል የፈቃድ ውል ከ2019 ወዲህ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተለወጠ ለንግድ ድርጅት የሚሠራ ሰው ቴሙሪንን ወይም ኮሬቶን ቢይዝ ውል ከማንበብ ይድናል።

ጃቫኤክስ ወይስ ጃካርታ

ከጄዲኬው ቀጥሎ የሚወሰነው ሰርቨሩ ነው፤ ለጀማሪም ለትንሽ ድርጅትም አፓቼ ቶምካት ይበቃል። ነገር ግን ቶምካት ሲባል አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ተማሪ ሳያውቅ የሚወድቅበት ጉድጓድም ያለው እዚህ ነው።

የጃቫ ዌብ ደንቦች ለረጅም ጊዜ ጃቫ ኢኢ በሚል ስም በሰን ማይክሮሲስተምስ፣ ከ2010 ወዲህም ሰንን በገዛው በኦራክል እጅ ነበሩ። ኦራክል በ2017 ይህን ሥራ ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለማስረከብ ወሰነ፤ «ጃቫ» የሚለው ስም ግን የራሱ የንግድ ምልክት ስለሆነ አዲሱ ተረካቢ በ«ጃቫኤክስ» የሚጀምሩትን ፓኬጆች በዚያው ስም እያሻሻለ እንዲቀጥል አልተስማማም። ስለዚህ በ2020 መጨረሻ በወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 የፓኬጆቹ መነሻ «ጃቫኤክስ» መሆኑ ቀርቶ «ጃካርታ» ሆነ። የተለወጠው አንድ ቃል ቢሆንም፣ ለኮምፓይለርና ለሰርቨር «ጃቫኤክስ.ሰርቭሌት» እና «ጃካርታ.ሰርቭሌት» ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ናቸው።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። ቶምካት 9 የሚያውቀው ጃቫኤክስን ሲሆን ከጃቫ 8 ጀምሮ ይሠራል። ቶምካት 10.1 የሚያውቀው ጃካርታን ሲሆን ቢያንስ ጃቫ 11 ይፈልጋል። ቶምካት 11ም ጃካርታ ነው፤ ቢያንስ ጃቫ 17 ይጠይቃል። ስፕሪንግ ቡት የሚባለውን የጃቫ ዌብ ማዕቀፍ የሚጠቀም ሰው ደግሞ በኅዳር 2022 የወጣው 3ኛው ስሪት ጃቫ 17ንና ጃካርታን በግድ እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት። አስቸጋሪው ነገር የስሕተቱ አገላለጥ ነው። በአሮጌ የሰርቭሌት ላይብረሪ ኮምፓይል ያደረጉትን ኮድ ቶምካት 10.1 ላይ ሲያስቀምጡት ኮምፓይሉ ያለ አንዳች ስሕተት ያልፋል፣ ቶምካትም በሰላም ይነሣል፤ ሰርቨሩ ግን በኮዱ ላይ ያለውን «ዌብሰርቭሌት» የሚል ምልክት ስለማያውቀው አልፎት ይሄዳል፣ ብራውዘሩም 404 (ገጹ አልተገኘም) ብቻ ያሳያል። ተማሪው አድራሻውን ደጋግሞ ሲያርም ይውላል፤ አድራሻው ግን ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር። እንግዲህ 404 ሲያዩ በኮዱ ራስጌ ያሉትን የኢምፖርት መስመሮች ይመልከቱ፤ የቆየ የኢንተርኔት ትምህርት ተከትለው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በጃቫኤክስ ይጀምራሉ።

አሮጌ መተግበሪያ ወርሰው ኮዱን ለመለወጥ ጊዜ ካጡ ቶምካት 10 ለዚህ አንድ በር ትቷል፤ የዋር ፋይሉ (መተግበሪያው በሙሉ የታሸገበት ፋይል) «ዌብአፕስ-ጃቫኢኢ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ሲቀመጥ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ጃካርታ ቀይሮ ያስኬደዋል። ፎልደሩ ከሌለ ይፍጠሩት። ለአዲስ ሥራ ግን የእኔ ምርጫ ጄዲኬ 21 ከቶምካት 10.1 ጋር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ገለጻም በዚሁ ላይ ይመሠረታል።

ማውረድና ማድረስ

ጄዲኬው ወደ 200 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ቶምካት ግን ከ20 ሜጋባይት አይበልጥም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ጊዜ ሰፊ አርታዒ ሳያወርዱ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ሥራ መጀመር ይቻላል። ከጓደኛ በፍላሽ የተቀበሉት ፋይል ከሆነ ግን ሳይመረምሩ አይጫኑት፤ ተቋርጦ የወረደ ዚፕ ሲከፈት ደኅና መስሎ በኋላ ምክንያቱ በማይታወቅ ስሕተት ያደክማል። ቶምካት በማውረጃ ገጹ ላይ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የኤስኤችኤ-512 ቁጥር ያወጣል። ዊንዶውስ ላይ «ሰርትዩቲል -ሃሽፋይል» የሚለው ትእዛዝ፣ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ «ኤስኤችኤ512» ሲጨምሩበት፣ የፋይሉን ቁጥር ያሰላልዎታል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ፋይሉን ይጣሉት።

ከጫኑ በኋላ «ጃቫ -ቨርዥን» እና «ጃቫሲ -ቨርዥን» ሁለቱንም ለየብቻ ይጠይቁ። ቀድሞ የተጫነ አሮጌ ጃቫ በማሽኑ የመንገድ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ ተጽፎ ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ 21 ሆኖ አስኬጁ 8 ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቅድም ሐረር ላይ የገጠመኝን ችግር በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ይፈጥራል። «ጃቫ_ሆም» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭም ወደ ጄዲኬው ፎልደር ያመልክቱት፤ ቶምካትና ማቨን ጃቫን የሚፈልጉት በእርሱ ነው።

አንድ ጊዜ በእጅ

አርታዒ ከመክፈትዎ በፊት መተግበሪያውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በትእዛዝ መስኮት ኮምፓይል እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ይህን ያደረገ ሰው በኋላ ማቨን ሲያኮርፍበት ምን እንደጎደለ ይገባዋል፤ ያላደረገ ሰው ግን ቁልፍ ከመጫንና ከመጸለይ ሌላ የሚያደርገው የለም።

የፕሮጀክቱን ፎልደር ይፍጠሩና በውስጡ «ኤስአርሲ» እና «ቢልድ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ውስጥ «መዝገብ» የሚል ፓኬጅ፣ በእርሱም ውስጥ የሰርቭሌቱ ኮድ ይኖራል። በሁለተኛው ውስጥ «ዌብ-ኢንፍ» የሚል ፎልደር ይፍጠሩ፤ ስሙ ያለ ልዩነት በትልልቅ የላቲን ፊደላት መጻፍ አለበት፤ ዊንዶውስ ላይ ግድ ባይሰጥም ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ግድ ይሰጣል። በእርሱ ሥር «ክላሲስ» እና «ሊብ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ይኖራሉ። ከዚያ በኋላ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ሆነው ይህን ይጻፉ፦

ጃቫሲ --ሪሊዝ 17 -ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 -ሲፒ ቶምካት/ሊብ/ሰርቭሌት-ኤፒአይ.ጃር -ዲ ቢልድ/ዌብ-ኢንፍ/ክላሲስ ኤስአርሲ/መዝገብ/ጭነትሰርቭሌት.ጃቫ

እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራ አለው። «-ዲ» የክላስ ፋይሎቹ የሚወጡበትን ቦታ ይነግራል፤ ኮምፓይለሩ የፓኬጁን ፎልደር ራሱ ይፈጥራል። «-ሲፒ» ኮዱ የሚጠቅሳቸው ላይብረሪዎች ያሉበትን ያመለክታል። የሰርቭሌት ክፍሎች ከጄዲኬው ጋር ስለማይመጡ ይህን ከተዉት ኮምፓይለሩ «ጃካርታ.ሰርቭሌት የሚባል ፓኬጅ የለም» ይልዎታል። ከአንድ በላይ ላይብረሪ ሲሆን መለያው ዊንዶውስ ላይ ነጠላ ሰረዝ ከላዩ ነጥብ ያለው የላቲን ምልክት፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሁለት ነጥብ ነው። ላይብረሪውን የወሰድነው ከቶምካቱ ከራሱ ፎልደር እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ በሚሄድበት ሰርቨር ላይብረሪ ኮምፓይል የተደረገ ኮድ የጃቫኤክስና የጃካርታን መደበላለቅ ገና ከመነሻው ያጋልጣል።

«--ሪሊዝ» ከሁሉ የምወደው ነው። ጄዲኬዎ 21 ሆኖ የደንበኛው ማሽን 17 ብቻ ቢኖረው ይህ ቃል ለ17 የሚሆን የክላስ ፋይል ያወጣልዎታል። ድሮ ለዚህ «-ሶርስ» እና «-ታርጌት» የሚባሉ ሁለት አማራጮች ነበሩ፤ አሁንም አሉ፤ ሆኖም እነርሱ የቋንቋውን ሰዋስውና የፋይሉን ቁጥር ብቻ ይወስናሉ እንጂ የጠሩት ሜቶድ በዚያ ስሪት ውስጥ መኖሩን አይመረምሩም። ለምሳሌ በስትሪንግ ላይ ያለው «ኢዝብላንክ» የመጣው በጃቫ 11 ነው። በ«-ሶርስ 8 -ታርጌት 8» ኮምፓይል ሲያደርጉት ያልፋል፤ ጃቫ 8 ያለው ማሽን ላይ ሲደርስ ግን ተጠቃሚው ቅጹን በሚልክባት በዚያች ቅጽበት ይወድቃል። «--ሪሊዝ 8» ቢሉ ኖሮ እዚያው ጠረጴዛዎ ላይ ይነግርዎት ነበር።

ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር በዚህ ትእዛዝ ውስጥ እንደሌለ አስተውለው ይሆናል። ኮዱ ድራይቨሩን በስም ስለማይጠራው ለኮምፓይል አያስፈልግም፤ ለማስኬድ ግን ግድ ነው። ስለዚህ የድራይቨሩ ጃር ፋይል «ሊብ» ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሰርቭሌት-ኤፒአይ ግን እዚያ ፈጽሞ አይገባም፤ ሰርቨሩ የራሱ አለውና። በመጨረሻ «ጃር -ሲኤፍ ጭነት.ዋር -ሲ ቢልድ .» ብለው ያሽጉት፤ ሁለተኛው «-ሲ» በትልቁ ፊደል ሲሆን የመጨረሻዋ ነጥብ እንዳትረሳ። የወጣውን ዋር ፋይል ቶምካት ውስጥ ወዳለው «ዌብአፕስ» ፎልደር ገልብጠው ሰርቨሩን ሲያስነሡ መተግበሪያው በፖርት 8080 ይገኛል።

ፊደላችን ወደ ጥያቄ ምልክት ሲለወጥ

«-ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8»፣ ማለትም ፊደላት ወደ ባይት የሚለወጡበትን ደንብ የሚወስነው አማራጭ፣ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መምሪያዎች በግማሽ መስመር ያልፉታል፤ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ግን የዕለት ፈተና ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ጃቫ ከ18ኛው ስሪት፣ ማለትም ከ2022 በፊት፣ ምንም ካልተነገረው የማሽኑን ነባሪ ኢንኮዲንግ ይጠቀም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ይህ ዊንዶውስ-1252 የሚባለው ነው። ስለዚህ በጄዲኬ 17ና ከዚያ በታች ያለዚህ አማራጭ ኮምፓይል የተደረገ «ዕቃ» የሚል ቃል በገጹ ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርም ነገር አለ። ሁለቱ ጸ-ዎች በኮምፓይለሩ ዘንድ እኩል አይደሉም። የፀሐዩ «ፀ»፣ እንዲሁም «ፈ» እና «ፐ»፣ ከነዘሮቻቸው መካከለኛ ባይታቸው በዊንዶውስ-1252 ውስጥ ቦታ የሌለው ቁጥር ስለሆነ ኮምፓይለሩ ሊተረጉመው የማይችል ፊደል አገኘሁ ብሎ ይጮኻል። የጸሎቱ «ጸ» ግን ምንም ሳይባል አልፎ በገጹ ላይ ይበላሻል። ጩኸቱ ስለዚህ በረከት ነው፤ «ፀ»ን በ«ጸ» ቀይሮ ዝም ለማሰኘት የሞከረ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ችግሩን ደበቀው እንጂ አልፈታውም።

የተበላሸውን ጽሑፍ በማየት ብቻ ችግሩ የት እንዳለ መለየት ይቻላል። በአንድ ፊደል ቦታ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ካዩ ባይቶቹ ደኅና ናቸው፤ የተነበቡት በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ነው። በአንድ ፊደል ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት ካዩ ግን ፊደሉ በመጻፍ ጊዜ ጠፍቷል፤ ከዚያ ላይ መልሶ ማግኘት አይቻልም። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከቅጹ ይመጣል፤ ሰርቭሌቱ፣ በተለይ በቶምካት 9፣ የተላከውን ነገር ሌላ ካልተነገረው በአይኤስኦ-8859-1 ያነባልና፣ «ጌትፓራሜተር»ን ከመጥራትዎ በፊት በ«ሴትካራክተርኢንኮዲንግ» ዩቲኤፍ-8 ብለው ይንገሩት። ከጠሩ በኋላ መንገር ምንም አይጠቅምም። ለሁሉም ሰርቭሌት በአንድ ጊዜ ለመንገር «ዌብ.ኤክስኤምኤል» ውስጥ «ሪኩዌስት-ካራክተር-ኢንኮዲንግ» የሚል መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ከቶምካት 9 ጀምሮ ይሠራል። የጥያቄ ምልክቱ ደግሞ ምላሹ ሲጻፍ የሚፈጠር ነው፤ የይዘቱን ዓይነት ከነ ካራክተር ሴቱ ሳይወስኑ «ጌትራይተር»ን ሲጠሩ ሊመጣ ይችላል። ኮዱ በአሮጌ ኖትፓድ ተጽፎ ከሆነ ከፋይሉ መጀመሪያ የምትደበቅ የማትታይ ምልክት (ቦም) ደግሞ «ሕገ ወጥ ፊደል» የሚል ስሕተት በመስመር 1 ላይ ታስነሣለች፤ ፋይሉን ያለ ቦም ዩቲኤፍ-8 አድርጎ እንደገና ማስቀመጥ ይፈታታል።

በነገራችን ላይ ጃቫ የክላስንና የተለዋዋጭን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍን ይፈቅዳል። ለመደሰቻ ሞክሬው ሠርቷል፤ ለሥራ ግን አልመክረውም፤ የክላሱ ስም የፋይል ስም ስለሚሆንና ፋይሉ በየዚፑና በየማሽኑ ሲዘዋወር ስሙ ስለሚበላሽ ነው።

ማቨን፣ ኢንተርኔት በሌለበትም

ላይብረሪዎቹ ከሦስት ሲበልጡ በእጅ መሥራት ያበቃል። ከማቨንና ከግሬድል እኔ ለጀማሪ ማቨንን እመርጣለሁ፤ ግሬድል ፈጣን ቢሆንም ከጀርባ ሆኖ ራም የሚይዝ አገልግሎት ስለሚያስነሣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ በተለይ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ማራገቢያው እያፏጨ፣ ለሰውም ለማሽኑም አይመችም።

የማቨን ፕሮጀክት ልብ «ፖም.ኤክስኤምኤል» ነው። በመጀመሪያ ፓኬጂንጉን ዋር ይበሉት። ቀጥሎም «ማቨን.ኮምፓይለር.ሪሊዝ» 17 እንደሆነ፣ «ፕሮጀክት.ቢልድ.ሶርስኢንኮዲንግ» ዩቲኤፍ-8 እንደሆነ ይጻፉ። ቅድም በእጅ የጻፍናቸው ሁለቱ አማራጮች ናቸው፤ ሌላ ምሥጢር የላቸውም። የመጀመሪያውን የተወ ሰው በቆየ የኮምፓይለር ፕለጊን «ሶርስ 5 ከእንግዲህ አይደገፍም» የሚል ስሕተት ይገጥመዋል፤ ሁለተኛውን የተወ ሰው ደግሞ ሥራው በማሽኑ ኢንኮዲንግ ላይ እንደተመሠረተ የሚያስጠነቅቅ መስመር ያያል። ያንን መስመር በአማርኛ የሚሠራ ሰው እንደ ስሕተት ይቁጠረው።

የሰርቭሌት ላይብረሪው «ፕሮቫይድድ» በሚል ወሰን ይጻፋል፤ ትርጉሙ ለኮምፓይል ስጠኝ፣ ዋሩ ውስጥ ግን አትክተት ማለት ነው። ሌሎቹ ያለ ወሰን ይጻፉና «ሊብ» ውስጥ ይገባሉ። ለምሳሌ የጭነት መዝገባችን የደረሰበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ካለበት፣ በጃቫ ውስጥ ያለው «ጃቫ.ታይም» የታይላንድን፣ የጃፓንንና የሂጅራን አቆጣጠር ሲይዝ የኢትዮጵያን አልያዘም። «ስሪቴን-ኤክስትራ» የሚባለው ላይብረሪ ግን ጳጉሜንን ጨምሮ 13ቱንም ወራት ያውቃል፤ በፖሙ ውስጥ ጥቂት መስመር ጨምሮ ማስገባት ይቻላል።

ማቨን የሚያስቸግረው ላይብረሪዎቹን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ነው። ያመጣውን በተጠቃሚው ፎልደር ሥር «.ኤም2» በሚባለው ውስጥ ያስቀምጥና ለሁለተኛ ጊዜ አይጠይቅም። ስለዚህ ጥሩ መስመር ባገኙበት ሰዓት ፕሮጀክቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው፣ «ኤምቪኤን ክሊን ፓኬጅ» ብለው ይሥሩት። «ዲፔንደንሲ፦ጎ-ኦፍላይን» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ይሁንና አንዳንድ የፕለጊን ፋይሎችን ስለሚዘልል በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። ከዚያ በኋላ «-ኦ» ጨምረው ያለ ኢንተርኔት ይሞክሩት፤ ካለፈ የ«.ኤም2»ን «ሪፖዚተሪ» ፎልደር በፍላሽ ገልብጠው ለጓደኛዎ መስጠት ይችላሉ፤ እርሱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራበታል።

መስመሩ በማውረድ መካከል ከተቋረጠ አንድ ነገር ይወቁ። ማቨን ያልተሳካውን ሙከራ «ላስትአፕዴትድ» በሚል ስም መዝግቦ፣ መስመሩ ቢመለስም እስከ ማግሥቱ ድረስ እንደገና ላይሞክር ይችላል። ላይብረሪው የለም እያለ ይከራከርዎታል። በትእዛዙ ላይ «-ዩ» (በትልቁ ፊደል) ሲጨምሩበት በግድ ይሞክራል፤ እንቢ ካለም እነዚያን ፋይሎች ከ«.ኤም2» ውስጥ ፈልጎ መሰረዝ ነው።

አርታዒው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ብንመለስ መልሱ አጭር ነው። 8 ጊጋባይት ራምና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ኢንቴሊጄን፣ ኤክሊፕስን ወይም ኔትቢንስን እንደ ምርጫው ይያዝ። ቪኤስ ኮድ ቀላል ነው ይባላል፤ ነገር ግን የጃቫ ማስፋፊያው ከጀርባ የሚያስነሣው የኤክሊፕስን ሞተር ስለሆነ ጃቫ ሲከፍቱበት ቅለቱ ግማሽ ይሆናል። ኤክሊፕስ የራሱ ኮምፓይለር እንዳለውም አይዘንጉ፤ ስሕተት ያለበትን ኮድ እንኳ በከፊል ሊያስኬድ ስለሚችል፣ በእርሱ ያለፈ ነገር በማቨን ሊወድቅ ይችላል። የሚታመነው ማቨን ያለው ነው፤ ለደንበኛው የሚሄደው ዋር ፋይል የሚወጣው ከእርሱ ነውና።

ዋሩን ሲያስቀምጡ

አዲስ ዋር ከመገልበጥዎ በፊት ቶምካትን ያቁሙና «ዌብአፕስ» ውስጥ ቀድሞ የተዘረጋውን «ጭነት» ፎልደር ይሰርዙ፤ አለበለዚያ አሮጌው ገጽ እየተከፈተ ያሳስትዎታል። ጄኤስፒ ገጾች (የጃቫ ኮድ የተቀላቀለባቸው የኤችቲኤምኤል ገጾች) ካሉዎት ኮምፓይል የሚደረጉት ሰው መጀመሪያ ሲከፍታቸው፣ በራሱ በቶምካት አማካይነት ስለሆነ ማቨን «ሰክሰስ» ብሎ ያለፈው መተግበሪያ ውስጥ ስሕተት ያለበት ገጽ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ገጽ አንድ በአንድ ከፍተው ይዩ፤ ገጹ ካስቸገረም የትርጉም ውጤቱን «ወርክ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ማንበብ ይቻላል። ፖርት 8080 ተይዟል ካለ ምናልባት ቅድም ያልቆመ ሌላ ቶምካት በዚያው ማሽን ላይ አለ፤ እርሱን ፈልገው ያቁሙ፣ ካልሆነም «ሰርቨር.ኤክስኤምኤል» ውስጥ ቁጥሩን ይለውጡ። ከዚያ «ሎግስ» ፎልደር ውስጥ ያለውን የካታሊና ሎግ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፤ በቅጹ ላይም «ፀሐይ» የሚል ስም ያለው ባለዕቃ መዝግበው ስሙ ሳይበላሽ መመለሱን አይተው ነው ፍላሹን ከማሽኑ የሚነቅሉት።